ኖቤሊየም-254ን በስሌት ማሽከርከር፦ ለጀማሪ የቲዎሪ ተማሪዎች ከመንገዱ የተለቀመ ምክር

ይህን የምጽፈው በጣም ከባድ የሆኑ ኒውክለሶች እንዴት እንደሚሽከረከሩ በስሌት ለማሳየት ለተነሱ ወይም ሊነሱ ላሰቡ ወንድሞችና እህቶች ነው። መጻሕፍቱ ቀመሩን በደንብ ያስተምራሉ፤ ቀመሩ የት ላይ እንደሚያንሸራትት ግን እምብዛም አይናገሩም። ስለዚህ ከመጀመሪያው የመረጃ ሠንጠረዥ እስከ መጨረሻው ንጽጽር በየተራ እሄዳለሁ። ቀላሉን ፈጥኜ አልፋለሁ፣ ወራት በሚበላው ቦታ ላይ ደግሞ ረጋ ብዬ እቆያለሁ። ምሳሌዬ 102 ፕሮቶንና 152 ኒውትሮን ያለው ኖቤሊየም-254 ነው።

እሱን የመረጥኩት በዚህ ክልል ካሉት ሁሉ የተሻለ መረጃ ካላቸው አንዱ ስለሆነ ነው። ካልሲየም-48 በሊድ-208 ላይ ተተኩሶ ሁለቱ ሲዋሃዱና ሁለት ኒውትሮን ሲወጣ ይፈጠራል። የመፈጠር ዕድሉ 2 ማይክሮባርን ገደማ ነው (ባርን የዚህ ዓይነት ዕድል መለኪያ ነው)፤ ለዚህ ክብደት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በ1999 በአሜሪካው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጋማስፌር በተባለው መሣሪያ፣ በፊንላንድም በዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ፣ የሽክርክሪት ባንዱ፣ ማለትም ኒውክለሱ እየፈጠነ ሲሽከረከር የሚይዛቸው የኢነርጂ ደረጃዎች ተርታ፣ ታየ፤ ቅርጹ የተራዘመ እንደሆነም (የመራዘሙ መለኪያ ቤታ 2 ወደ 0.27) ከዚያው ተገኘ። በፈሳሽ ጠብታ ሞዴል ብቻ ከሄድን ይህን ኒውክለስ ከመሰንጠቅ የሚያግደው ግድግዳ ከ1 ሜጋኤሌክትሮንቮልት (ሜኤቮ) በታች ነው። በ2014 የታተመው የአርጎን ልኬት ግን በስፒን (የኒውክለሱ አንጉላር ሞመንተም) 15 ላይ 6.0 ± 0.5 ሜኤቮ አግኝቷል። ያን ሁሉ ልዩነት የሚሸከመው የሼል መዋቅሩ፣ ማለትም ኒውክሊዮኖቹ (ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ) የሚቀመጡባቸው የኢነርጂ ደረጃዎች አደረጃጀት ነው፤ በሽክርክሪቱ በኩል የምንፈትነውም ይህንኑ መዋቅር ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ፕሮግራም ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። በግራውንድ ስቴት ባንዱ (ከዝቅተኛው የኢነርጂ ደረጃ በሚነሳው ባንድ) ውስጥ ያሉት የጋማ ኢነርጂዎች በኪሎኤሌክትሮንቮልት (ኪኤቮ) ሲጠጋጉ እንዲህ ናቸው፦ ከስፒን 6 ወደ 4 ወደ 159፣ ከ8 ወደ 6 214፣ ከ10 ወደ 8 267፣ ከ12 ወደ 10 318፣ ከ14 ወደ 12 367። ከእነዚህ ሁለት ዓይነት ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ (ከዚህ በኋላ ኢነርሺያ) ታወጣላችሁ። የላይኛውን ስፒን ስ፣ የጋማውን ኢነርጂ በሜኤቮ ኢ ብንለው፣ ኪነማቲኩ (2ስ − 1) ÷ ኢ ነው። ዳይናሚኩ ደግሞ 4 ሲካፈል ለሁለት ተከታታይ ጋማዎች ልዩነት ነው። ከ8 ወደ 6 ለሚወርደው 15 ÷ 0.214 ወደ 70 ይሰጣል። በ214 እና በ267 መካከል ያለው 53 ኪኤቮ ደግሞ 75 ይሰጣል። አሃዱ ኤችባር ካሬ በሜኤቮ ነው። የሽክርክሪቱ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤችባር ኦሜጋ፣ የጋማው ኢነርጂ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በቆዩ ጽሑፎች ውስጥ የኢነርሺያው እጥፍ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ቁጥራችሁ ከሌላ ሰው ቁጥር በትክክል እጥፍ ከራቀ፣ ፊዚክሱን ከመጠርጠራችሁ በፊት የግራፉን የጎን ጽሑፍ አንብቡ። ሁለተኛ፣ ዳይናሚክ ኢነርሺያ ለልኬት ስህተት እጅግ ስስ ነው። ልዩነቱ ከ53 ወደ 52 ቢወርድ 75 የነበረው 77 ይሆናል፤ ያው 1 ኪኤቮ ኪነማቲኩን ከ70 ፈቀቅ አያደርገውም። ስለዚህ ዳይናሚኩ ላይ የስህተት መስመር ያልተሳለበትን ግራፍ ተመልክታችሁ “ሞዴሌ ጉብታውን አላሳየም” ብላችሁ አትጨነቁ፤ ጉብታው የልኬቱ ሊሆን ይችላል።

ከታች ያሉት ሁለቱ ሽግግሮች፣ ከ2 ወደ 0 እና ከ4 ወደ 2፣ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እንዲህ ባለ ከባድ አቶም ውስጥ ዝቅተኛ ኢነርጂ ያለው ሽግግር ጋማ አይሆንም ማለት ይቻላል፤ ኢነርጂውን ለአቶሙ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ያስወነጭፈዋል። በዩራኒየም-238 እንኳ 44.9 ኪኤቮ ያለው ሽግግር ለአንድ ጋማ ከ600 በላይ ኤሌክትሮን ያወጣል፤ በኖቤሊየም ይብሳል። ስለዚህ ለኖቤሊየም-254 የሚጠቀሰው 44 ኪኤቮ መጀመሪያ የተገኘው በሃሪስ ቀመር ወደ ታች በመዘርጋት ነው። ቀመሩ ኢነርሺያውን አንድ ቋሚ ቁጥርና የኦሜጋ ካሬ ብዜት አድርጎ ይጽፈዋል። ቋሚው ወደ 68፣ የኦሜጋ ካሬው ማባዣ ወደ 165 ሲሆን ከላይ ያሉት ጋማዎች ሁሉ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ 3 ÷ 68 ደግሞ 0.044 ነው። በራሳችሁ እጅ ሠርታችሁ እዩት። የስፒኖቹ ምደባ ራሱ ያረፈው በዚህ ዓይነት ቀመር ላይ ነው። እንግዲህ ሞዴላችሁ 44ን ብቻ ስላገኘ ደስ አይበላችሁ። ያገኛችሁት አንድ ቁጥር ነው፤ አንድ ቁጥር ደግሞ የፔሪንጉን፣ ማለትም ኒውክሊዮኖችን ጥንድ ጥንድ የሚያደርገውን መስተጋብር፣ ጥንካሬ ትንሽ በማንቀሳቀስ ሁሌም ይገኛል።

ቀጥሎ ሁለት ዳርቻዎችን አስሉ። እንደ ጠንካራ አካል ቢሽከረከር ኢነርሺያው 0.0138 ሲባዛ በክብደት ቁጥሩ 5/3ኛ ኃይል፣ ሲባዛ በ(1 + 0.31 ቤታ) ነው፤ ለ254 ወደ 152 ይመጣል። አዙሪት የሌለው ፈሳሽ ቢሆን ደግሞ 9 ገደማ ብቻ ነው። እውነተኛው 68 በመካከል፣ ከጠንካራው ግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ውሃ ያለበትን እንስራ በቦታው ብታዞሩት ሸክላው ይዞራል፣ ውሃው ግን ወዲያው አይከተለውም፤ ኒውክሊዮኖች ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ የኒውክለሱ ከፊል እንደዚያ ውሃ ከመዞሩ ይቀራል። ማንኛውም ስሌታችሁ ፔሪንጉ ሲጠፋ ወደ 152 አካባቢ መሄድ አለበት። ይህን ፍተሻ ገና በመጀመሪያው ቀን አድርጉት። ካልሄደ ፔሪንጉን ገና አትንኩት፤ ከሥር ያለው ፖቴንሺያል ችግር አለበት።

በኒልሰን ፖቴንሺያል (በኦሲሌተር ላይ በተመሠረተው) ለሚጀምሩ ይህ ፍተሻ ወዲያውኑ አንድ የታወቀ ጉድለት ያሳያቸዋል። በኒልሰን ሞዴል ውስጥ ያለው የኤል ካሬ ክፍል (ኤል የኒውክሊዮኑ ኦርቢታል አንጉላር ሞመንተም ነው) በፍጥነት ላይ የሚመሠረት ስለሆነ ስታሽከረክሩት ኢነርሺያውን ያለ አግባብ ያሳብጠዋል። መፍትሔው በስትሩቲንስኪ ዘዴ ለስላሳውን ክፍል አውጥቶ በጠንካራ አካል ዋጋ መተካት ነው፤ ወይም ከመጀመሪያው ዉድስ-ሳክሰንን፣ ማለትም ይህ ክፍል የሌለውን ሌላ ፖቴንሺያል፣ መያዝ። እኔ ለጀማሪ ዉድስ-ሳክሰንን እመርጣለሁ። ኒልሰን የሚጠቅመው ኦርቢታሎቹን ለማወቅና ስማቸውን ለመልመድ ነው። ለእሱ በክብደት 242 አካባቢ የተለመዱት መለኪያዎች (ካፓና ሙ የስፒን-ኦርቢቱንና የኤል ካሬውን ክፍል ጥንካሬ ይወስናሉ) ለፕሮቶን ካፓ 0.0577፣ ሙ 0.65፣ ለኒውትሮን ካፓ 0.0635፣ ሙ 0.325 ናቸው። የኦሲሌተሩ መሠረታዊ ኢነርጂ 41 ሲካፈል ለክብደት ቁጥሩ ኪዩብ ሩት ነው፤ ለ254 ወደ 6.5 ሜኤቮ ይሆናል።

የቅርጽ መለኪያዎችን ከአንድ ጽሑፍ ወደ ሌላ ስታሻግሩ ምልክታቸውን ተመልከቱ። ኤፕሲሎንና ቤታ ያንኑ ቅርጽ የሚገልጹ ሁለት አጻጻፎች ናቸው። ኤፕሲሎን 2 ከቤታ 2 ትንሽ ያንሳል፣ 0.95 እጥፍ ገደማ። ኤፕሲሎን 4 ግን ከቤታ 4 ጋር ምልክቱ ተቃራኒ ነው፤ ኤፕሲሎን 6ም ከቤታ 6 ጋር እንዲሁ። በዚህ ክልል ስድስተኛው መለኪያ በኤፕሲሎን አጻጻፍ ወደ 0.04 ፖዘቲቭ፣ በቤታ አጻጻፍ ኔጌቲቭ ነው። ምልክቱ ሳይገለበጥ የገባበት ፋይል ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ ስሌቱ በሰላም ያልቃል፣ በ152 ኒውትሮን ላይ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን ይጠባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል።

ስለ መጠን ብዙ ሰው ይፈራል፤ ምክንያት የለውም። እስከ 12ኛው የኦሲሌተር ሼል ያሉት የአንድ ኒውክሊዮን ስቴቶች 910 ናቸው፤ እስከ 16ኛው 1,938። በፓሪቲና በሲግኔቸር (ሽክርክሪቱ በማይሰብራቸው ሁለት ሲሜትሪዎች) ስትከፋፍሏቸው የምትፈቱት ማትሪክስ ጥቂት መቶ በጥቂት መቶ ነው። የክራንኪንግ (ፖቴንሺያሉን በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ እያሽከረከሩ የሚፈቱበት ዘዴ) ዉድስ-ሳክሰን ስሌት በተራ ላፕቶፕ ይሠራል፤ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ትልቅ ኮምፒውተር እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ እያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ እንዳለቀ የተገኘውን መፍትሔ ወደ ፋይል መጻፍን ልማድ አድርጉት። ይህ ልማድ ለፊዚክሱም ይጠቅማል፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚበላው ቦታ ላይ ደርሰናል፦ ፔሪንግ። ኢነርሺያው የሚገነባው ከሁለት ደረጃዎች መካከል ካለው የጄኤክስ ግንኙነት ነው፤ ጄኤክስ ማለት በሽክርክሪቱ አክሲስ በኩል ያለው አንጉላር ሞመንተም ነው። ከላይ የግንኙነቱ ካሬ፣ ከታች የሁለቱ ኳሲፓርቲክሎች (ከጥንዳቸው ተላቀው የተነሱ ኒውክሊዮኖች) ኢነርጂ ድምር አለ። የፔሪንግ ክፍተቱ (ጥንድን ለመስበር የሚጠየቀው ኢነርጂ መለኪያ) ሲያድግ የታችኛው ያድጋል፣ የላይኛውም በመያዣ ዕድሎቹ መጣጣም የተነሳ ይቀንሳል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ኢነርሺያው በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ የፔሪንግ ጥንካሬን ከሽክርክሪቱ መረጃ ላይ አታስተካክሉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ሌሎች ጉድለቶች ሁሉ ፔሪንጉ ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ። ጥንካሬውን የጎረቤት ኒውክለሶችን ማስ በማነጻጸር፣ ማለትም በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር መካከል ካለው የማስ ልዩነት፣ ወስኑና ቆልፉት። 12 ሲካፈል ለክብደት ቁጥሩ ስኩዌር ሩት የሚለው የቆየ ግምት 0.75 ሜኤቮ ይሰጣል፤ በኖቤሊየም አካባቢ ከማስ የሚወጣው ከዚያ ዝቅ ይላል። ጥንካሬውን ለኒውትሮንና ለፕሮቶን ለየብቻ አስሉ። ስንት ደረጃዎችን በፔሪንጉ ውስጥ እንዳካተታችሁም ጻፉ፤ የደረጃዎቹ ብዛት ሲለወጥ ያው ጥንካሬ ሌላ ክፍተት ይሰጣልና።

ሁለተኛው የፔሪንግ ወጥመድ የሐሰት መውደቅ ነው። ተራው የሃርትሪ-ፎክ-ቦጎሊዩቦቭ ዘዴ (ፖቴንሺያሉንና ፔሪንጉን አብሮ የሚፈታው) የኒውክሊዮኖችን ቁጥር በአማካይ ብቻ ስለሚጠብቅ፣ ፔሪንጉ ደካማ በሆነበት ቦታ በአንድ እርምጃ ወደ ዜሮ ይወድቃል። በግራፉ ላይ ኢነርሺያው ድንገት ሽቅብ ይዘላል። በ152 ላይ ክፍተት ስላለ ለኒውትሮኖቹ ይህ አደጋ ቅርብ ነው። በእውነተኛው ኒውክለስ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ የለም። የሊፕኪን-ኖጋሚ ማስተካከያ፣ ወይም ከዚያ የተሻለው የቁጥር ፕሮጀክሽን (ትክክለኛ የኒውክሊዮን ቁጥር ያለውን ክፍል ብቻ ለይቶ ማውጣት)፣ ይህን ያለዝበዋል። ሊፕኪን-ኖጋሚን ስታስገቡ ከማስ ልዩነት ጋር የሚነጻጸረው ክፍተቱ ብቻውን ሳይሆን ክፍተቱ ከላምዳ 2 (ማስተካከያው ከሚያመጣው ቁጥር) ጋር ተደምሮ ነው። ይህን ድምር ያልያዘ ሰው ጥንካሬውን ሳያስፈልግ ከፍ አድርጎ ኢነርሺያውን ዝቅ ያደርጋል።

ወደ ክራንኪንጉ ሩጫ እንግባ። ሽክርክሪቱ ከሲሜትሪው አክሲስ ቀጥ ብሎ በሚያልፍ አክሲስ ዙሪያ ስለሆነ፣ አክሲያል ሲሜትሪን ግዴታ የሚያደርግ ፕሮግራም ለዚህ በቀጥታ አይሆንም። ኤችኤፍኦዲዲን የመሰለ በሦስት አቅጣጫ ነጻ የሆነ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከዜሮ ጀምራችሁ እስከ 0.30 ሜኤቮ በ0.01 ወይም በ0.02 እርምጃ ውጡ። እያንዳንዱን ነጥብ ካለፈው ነጥብ መፍትሔ አስጀምሩ፤ ከላይ ፋይሉን አስቀምጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ከባዶ የተጀመረ ነጥብ ሌላ ኮንፊገሬሽን ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያኔ ባንዱ መሀል ላይ ይቆረጣል። ወደ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ወደ ታችም ተመለሱ። ሁለቱ መንገዶች ካልተገጣጠሙ እዚያ ላይ የባንድ መሻገሪያ አለ፤ በመሻገሪያው ዙሪያ ያሉ ነጥቦችን ደግሞ ክራንኪንግ በትክክል አይገልጻቸውም፤ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የተለያየ አንጉላር ሞመንተም ያላቸውን ሁለት ስቴቶች ያቀላቅላልና። እነዚህን ነጥቦች ከንጽጽሩ አውጡ።

የኖቤሊየም-254 ጠቅላላ የትስስር ኢነርጂ ወደ 1,885 ሜኤቮ ነው። የምትፈልጉት 44 ኪኤቮ ከዚህ ላይ ሁለት በመቶ ሺህ ገደማ ነው። ጠቅላላ ኢነርጂዎችን እየቀነሳችሁ ጋማ ለማውጣት ከሞከራችሁ የስሌቱ ያልተስተካከለ ጭራ ውጤቱን ይውጠዋል። ስለዚህ ኪነማቲክ ኢነርሺያን ከጄኤክስ አማካይ ሲካፈል ለኦሜጋ አውጡት፤ ይህ እጅግ የተረጋጋ ነው። በኦሜጋ 0.01 ሜኤቮ ላይ ጄኤክስ 0.68 አካባቢ ከሆነ መንገድ ላይ ናችሁ። ከዚያ ይህን ፈትሹ፦ የራውዚያኑ፣ ማለትም በሚሽከረከረው ማዕቀፍ ያለው ኢነርጂ፣ ለኦሜጋ ያለው ዴሪቬቲቭ ከኔጌቲቭ ጄኤክስ ጋር እስከ ሦስትና አራት አሃዝ መግጠም አለበት። ካልገጠመ ስሌቱ ገና አልተረጋጋም፣ ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ክፍል ተረስቷል። ይህ አንድ ፍተሻ ብዙ የማይታዩ ስህተቶችን ያወጣል። እኔ እሱን ያላለፈ ነጥብ ግራፍ ላይ አላኖርም።

ስፒን ላይ ስትደርሱ ጄኤክስን ከስፒን ጋር የሚያገናኘው ስ(ስ+1) ሲቀነስ ኬ ካሬ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ነው። ኬ ማለት በሲሜትሪው አክሲስ ላይ ያለው አንጉላር ሞመንተም ነው። ለግራውንድ ስቴት ባንዱ ኬ ዜሮ ስለሆነ ስፒን 8 ላይ 8.49 ይሆናል። ኬ 8 በሆነ ባንድ ግን ስፒን 9 ላይ 5.1 ብቻ ነው። ኬን የረሳ ሰው 9.49 ይጽፋል፤ የባንዱ ታች በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው።

ሞዴሉ በአንድ ኒውክለስ ላይ ሲስማማ ብዙ ሰው ይቆማል። እውነተኛው ፈተና ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ኖቤሊየም-252ን አጠገቡ አስቀምጡ። በ2001 በዩቫስኩላ የተለካው የ252 ባንድ ከታች በኩል ከ254 ጋር ይቀራረባል። ወደ 0.2 ሜኤቮ ሲደርስ ግን ዳይናሚክ ኢነርሺያው ከ254 ቀድሞ ሽቅብ ይወጣል። ሁለት ኒውትሮን ብቻ ነው ልዩነቱ። ሽቅብ የሚያወጡት ትልቅ አንጉላር ሞመንተም የተሸከሙ ኦርቢታሎች ናቸው፦ ከኒውትሮን ጄ 15/2፣ ከፕሮቶን አይ 13/2። የትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ጠቅላላ ጄኤክስን ብቻ አትሳሉ፤ የኒውትሮኑንና የፕሮቶኑን ድርሻ ለየብቻ ሳሉ። በዚህ ግራፍ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ሊዩ፣ ሹ እና ዎከር በ2012 እንዳሳዩት ቤታ 6 ሲካተት በ152 ኒውትሮንና በ100 ፕሮቶን ላይ ያሉት ክፍተቶች ይሰፋሉ፣ በ254 ውስጥ የኒውትሮኖቹ መሰለፍም ይዘገያል። ቤታ 6 በኢነርጂ ስትመለከቱት ትንሽ ነገር ነው፤ ሁለቱን ኒውክለሶች በሚለየው ነገር ላይ ግን ዋናው ነው። ስለዚህ “ቤታ 2 እና ቤታ 4 ይበቃሉ” የሚል ምክር ቢደርሳችሁ ለዚህ ክልል አትቀበሉት።

ከግራውንድ ስቴት ባንዱ በላይ ያሉት የሚሽከረከሩ ስቴቶች ሥራውን ያጠብቁታል። በኖቤሊየም-254 ውስጥ 1.3 ሜኤቮ ገደማ ላይ ኬው 8፣ ፓሪቲው ኔጌቲቭ የሆነ አይሶመር (ቶሎ የማይወርድ የተነሳ ስቴት) አለ፤ ግማሽ ዕድሜው 266 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለት ኳሲፓርቲክሎች ተነስተው የተሠራ ስለሆነ እነዚያ ደረጃዎች ከፔሪንጉ ይታገዳሉ፣ ክፍተቱ ይቀንሳል፣ ኢነርሺያው ከግራውንድ ስቴቱ ከፍ ይላል። በስሌት ላይ ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል። የታገደው መፍትሔ ሲደጋገም ሳታስቡት ወደ ሌላ ኦርቢታል ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ኦርቢታሉን በተራ ቁጥሩ አትከተሉ፣ ካለፈው እርምጃ ሞገድ ጋር ባለው መደራረብ ተከተሉት። በተጨማሪም ያለ ሊፕኪን-ኖጋሚ ወይም ያለ ቁጥር ፕሮጀክሽን ከሠራችሁ ፔሪንጉ እዚህ ላይ ፈጽሞ ይሞታል፤ የባንዱ ኢነርሺያም ከመጠን በላይ ይሆናል።

ይህ አይሶመር የሁለት ፕሮቶን ነው ወይስ የሁለት ኒውትሮን የሚለው ጥያቄ አሰልቺ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ነው። በኒልሰን ኦርቢታል ስሞች (ክፍልፋዩ ኒውክሊዮኑ ለኬ የሚያዋጣው ነው) ፕሮቶን 7/2[514] ከ9/2[624] ጋር፣ ኒውትሮን 9/2[734] ከ7/2[613] ጋር፣ ሁለቱም 8 ኔጌቲቭ ይሰጣሉ። በጽሑፎች ውስጥ ሁለቱም ቀርበዋል። ለመለየት በባንዱ ውስጥ ያለው የኤም 1 እና የኢ 2 (የማግኔቲክ ዳይፖልና የኤሌክትሪክ ኳድሩፖል ሽግግሮች) ጥንካሬ ንጽጽር ይወሰዳል፤ እሱም የሚነግራችሁ የጂኬ እና የጂአር፣ ማለትም የጥንዱና የመላው ሽክርክሪት ማግኔቲክ ጂ-ፋክተሮች፣ ልዩነትን ነው፣ ያውም ያለ ምልክት። በእጅ እናስላው። የስፒን ጂ-ፋክተርን በ0.6 ከቀነስነው ለፕሮቶን 3.35፣ ለኒውትሮን −2.30 ነው። የፕሮቶኑ ጥንድ፦ ለ7/2[514] 4 − 1.68፣ ለ9/2[624] 4 + 1.68፤ ድምሩ 8፣ ለ8 ሲካፈል ጂኬ 1.0። የኒውትሮኑ ጥንድ፦ ሁለት ጊዜ −1.15፣ ለ8 ሲካፈል −0.29። አሁን ጂአርን ዜድ (የፕሮቶን ቁጥር) ሲካፈል ለኤ (የክብደት ቁጥር)፣ ማለትም 0.40 ብትወስዱ ልዩነቱ ለፕሮቶኑ 0.60፣ ለኒውትሮኑ 0.69 ነው። ጂአርን በ0.7 አባዝታችሁ 0.28 ብትወስዱ ደግሞ ለፕሮቶኑ 0.72፣ ለኒውትሮኑ 0.57 ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ! ስለዚህ የትኛውን ጂአር እንደመረጠ ሳይናገር “መረጃው ፕሮቶንን ይደግፋል” ወይም “ኒውትሮንን ይደግፋል” የሚል ስሌት ካያችሁ ድምዳሜውን በይደር ያዙት። በራሳችሁ ሥራም ሁለቱንም የጂአር ዋጋ በአንድ ሠንጠረዥ አሳዩ፣ ጂአርን ደግሞ ከተቻለ ከራሳችሁ ክራንኪንግ መፍትሔ አስሉት። በ150 ኒውትሮን ላይ ያሉት ጎረቤቶች፣ ፌርሚየም-250 እና ኖቤሊየም-252፣ እንዲህ አያስቸግሩም፤ እዚያ ያለው ጥንድ 9/2[734] ከ7/2[624] ጋር ሲሆን የሁለቱ የስፒን ድርሻ ተጣፍቶ ጂኬ ዜሮ አካባቢ ይቀራል። ዘዴያችሁን መጀመሪያ በእነሱ ላይ ሞክሩት።

በመጨረሻ ወደ ስኪርም፣ ጎግኒ ወይም ሬላቲቪስቲክ ፈንክሽናሎች (ፖቴንሺያሉን ከኒውክሊዮኖቹ ጥግግት ራሳቸው የሚያወጡ ቀመሮች) ስትሸጋገሩ ደረጃዎቹን በእጃችሁ ማስተካከል አትችሉም፤ ፈንክሽናሉ የሰጣችሁን ትቀበላላችሁ። ልብ ማለት ያለባችሁ፣ ብዙዎቹ ክፍተቱን የሚያሳዩት በተሳሳተ ቦታ ነው። ለምሳሌ ኤስኤልዋይ 4 የተባለው ስኪርም በ152 ፋንታ በ150 ኒውትሮን፣ በ100 ፋንታ በ98 እና በ104 ፕሮቶን ላይ ክፍተት ይሰጣል። እንዲህም ሆኖ የአንድ ኒውክለስን ኢነርሺያ ጥሩ አድርጎ ሊያወጣ ይችላል፤ የፔሪንጉ ጥንካሬ ያካክስለታልና። ጊዜ ሲገለበጥ ምልክታቸው የሚቀየር የፈንክሽናሉ ክፍሎችም ኢነርሺያውን በጉልህ ይለውጣሉ፤ በግራውንድ ስቴት መረጃ ግን በደንብ አልተወሰኑም። እነሱን አጥፍታችሁም አብርታችሁም አንድ አንድ ጊዜ ሩጡ፤ ልዩነቱ የቲዎሪያችሁ የስህተት መስመር አካል ነው።

ስለዚህ የማቀርበው አሠራር ይህ ነው። ፌርሚየም-250፣ ኖቤሊየም-252፣ ኖቤሊየም-254 እና ራዘርፎርዲየም-256ን በአንድ መለኪያ፣ በአንድ የፔሪንግ ጥንካሬ፣ ምንም ሳትነኩ አሂዱ። ራዘርፎርዲየም-256 በ2012 በዩቫስኩላ ታይቷል፤ ቲታኒየም-50 በሊድ-208 ላይ ተተኩሶ፣ በ17 ናኖባርን ብቻ፣ ባንዱ እስከ ስፒን 20 ድረስ ተከትለውታል። ኢነርሺያዎቹ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸሩ በ104 ፕሮቶን ላይ የሚጠበቀው ክፍተት የለም። ሞዴላችሁ በ104 ላይ ክፍተት ካለው በዚህ አራትዮሽ ንጽጽር ላይ ይታያል፦ ለኖቤሊየም-254 የተስማማው መስመር በራዘርፎርዲየም-256 ላይ ይላቀቃል። ያኔ የፔሪንጉን ጥንካሬ ለመጨመር እጃችሁ ቢያሳክክም ተዉት። አራቱን መስመሮች እንዳሉ በአንድ ገጽ ላይ ሳሉ፣ ከሥራቸው የ9/2[734]፣ የ1/2[521] እና የ7/2[514] ደረጃዎችን ቦታ በሜኤቮ ጻፉ። ቀጥሎ የሚሠራው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ገጽ ነው።